የአስማማው ባሕር

አስማማው ከወደቀ በኋላ የሚናገረውን የሚሰማለት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ሚስቱ የብርጓል። ደም ግፊቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ቀኝ ጎኑን ይዞበታል፣ ምላሱንም አስሮታል። ከአፉ የሚወጣው ድምፅ ለሌላው ሰው ጉርምርምታ ነው። የብርጓል ግን አንድ ቃል ሳያመልጣት ትሰማዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትታዘዝ የኖረች ሴት ትእዛዝን ከጉርምርምታ ውስጥ ለቅማ ማውጣት አያቅታትም።

የደብረ ማርቆስ ሰው በሽተኛ መጠየቅ ያውቅበታል። ዳቦ የያዘ፣ ብርቱካን የያዘ፣ አንዳንዱም ባዶ እጁን ግን ሙሉ ወሬ ይዞ ይመጣል። አስማማው ያጉተመትማል፣ የብርጓል ትተረጉማለች። «ልጅህ ፈተናውን አለፈ ወይ ነው የሚልህ»፣ «ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ ይላችኋል»። ጠያቂው ይደነቃል። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ይኼ ነው» እያለ ዓይኑን ጠርጎ ይወጣል። ባሕሩ ምን ዓይነት ባሕር እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

አንድ ባሕር በእርግጥም እዚያው ሳሎን ውስጥ ነበር።

አስማማው በደኅና ቀኑ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነበር። ጓደኞቹ ሲመለሱ ሞባይልና ሽቶ ሲያስገቡ እሱ ባሕር አስገባ። የሰው አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አሠራ። ጨው ውኃውን በሰማያዊ በርሜል ከጅቡቲ ድረስ ጫነ። አሸዋውን፣ ድንጋዩን፣ ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውንና ሰፈሩ «የድንጋይ አበባ» የሚለውን በነፋስ እንደተያዘ እህል የሚወዛወዝ ፍጡር ሁሉ አምጥቶ አንድ ክረምት ሙሉ ሲያደራጅ ከረመ። የማርቆስ ብርድ ዓሦቹን እንዳይፈጅበት የማሞቂያ ዘንግ አስገባ፤ ውኃውን የሚያንቀሳቅስ ሞተር ገጠመ፤ ከላይ ሰማያዊ መብራት ሰቀለ። ያን ክረምት የብርጓል ጭቃውን ያሳለፈችው በተቀደደ የፕላስቲክ ጫማ ነው።

ዓሣ ሲመርጥ ላየው ሰው ግን ጠንቃቃ ነበር። የብርጓልን የመረጣት በአንድ ከሰዓት ነው። ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆሞ ሳለ ውኃ ስትቀዳ አያት፣ የቅኔ መምህሩ የየኔታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ መሆኗን ጠየቀ፣ ሽማግሌ ላከ፣ አለቀ። ለአንድ ዓሣ ግን ወር ከመንፈቅ ያወጣል ያወርዳል። የሚወዳቸው እንደ ጣት ቀጠን፣ ረዘም ብለው፣ ሲመሽ አሸዋ ውስጥ ገብተው የሚያድሩትን ዓይነቶች ነበር። ጅቡቲ ያለ አንድ ባሕር ጠላቂ ወዳጁ ነው ያስለመደው። ዘራቸው ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ለቤት አይሆንም። ትልልቆቹ ድንጋይ እየገለበጡ ቀንድ አውጣ ይበላሉ። ቀንድ አውጣው ካለቀ ደግሞ ድንጋዩንና መስታወቱን የሚልስ የለም፤ ያኔ አልጌ ይመጣል። አልጌ ማለት አረንጓዴው ነገር ነው። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ፣ ቀጥሎ ድንጋዩ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻ የድንጋዩን አበባ አፍኖ ይገድለዋል።

ትንንሾቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንዱ ባለ መስመር፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ቀይና ሰማያዊ የለበሰ ዓሣ ነበር። አስማማው በቁመናው ተታሎ አስቀድሞ አስገባው። ኋላ የመጡትን ሁለቱን እያሳደደ፣ ጥግ እያስያዘ፣ ክንፋቸውን እየቦጨቀ ፈጃቸው። አስማማው ድንጋዩን ሁሉ አፍርሶ ባለ መስመሩን ያዘው፣ ከዚያም ሲሚንቶው ላይ ጣለው። የብርጓልን ከጓዳ ጠርቶ ሲንፈራገጥ እስኪያበቃ ድረስ አስቆማት።

«ቤቴን የሚበጠብጥ መጨረሻው ይኼ ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ ነው ቢጫዋን ከጥቂት መሰሎቿ ጋር ያገኛት። እንደ አደይ አበባ ቢጫ ናት፣ ሰላማዊ ናት፣ ቀንድ አውጣ አትነካም፣ ድንጋዩ ላይ የሚራቡትን ጥቃቅን ተባዮች እየለቀመች ትውላለች። ስሟን «ሙሽራዬ» አላት። የብርጓልን በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም፤ በሠርጓ ቀንም «ነይ ግቢ» ነው ያላት።

ሙሽራዬን ማየት የእሱ ሥራ ሆነ፣ አልጌውን መከላከል የየብርጓል። ሥርዓቱን አስተምሯታል። መጋረጃው አይከፈት፤ ፀሐይ ከገባች አልጌ ነው። ምግቡ ከቁንጥር አይብለጥ፤ የተረፈው ሁሉ አልጌ ነው። ውኃው ሲጎድል የሚሞላው በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው እንጂ በቧንቧ አይደለም። መስታወቱ በየማለዳው በምላጭ ይፋቅ። ስለዚህ የየብርጓል ሳሎን ዓመት እስከ ዓመት ጨለማ ነበር። ከመንገድ ላይ ስልክ ሲደውል «እንዴት ነሽ» ብሎ አይጀምርም። «ፋቅሽው?» ነው የሚላት።

የእነዚህ ዓሦች አንድ ተአምር አለ። ሁሉም ሴት ሆነው ይጀምራሉ፤ ወንዱ የሞተ እንደሆነ ትልቋ ሴት ቀለሟን ለውጣ ወንድ ትሆናለች። የገንዳው ወንድ ሲሞት ሙሽራዬም እንዲሁ ሆነች፤ አንገቷ ላይ አረንጓዴ መስመር አወጣች። አስማማው በደስታ ሰክሮ ጎረቤት ጠራ። ሰው ሞልቶ ባለበት ወደ የብርጓል ዞሮ «ዓሣ እንኳ ቤቱ የጎደለውን አይቶ ይሆናል። አንቺ እናት እንኳ መሆን አቃተሽ» አላት። ጎረቤቱ የሚስቀውንና የማይስቀውን አጥቶ መሬት መሬት አየ። የብርጓል ሆዷን በክንዷ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ይኼንንም ትችለው ነበር። ሴት ልጅ ስንቱን ችላ ትኖራለች። ያልቻለችው የአባቷን ነው።

ነገሩ የሆነው መብራት በፈረቃ በሚሰጥበት በዚያ ክፉ ዘመን ነው። በአባይ አገር መብራት ጠፍቶ ሰው ኩራዝ ፍለጋ ወጥቷል። አንድ ማታ የየብርጓል ወንድም ዲያቆን ድረስ ከደብረ ወርቅ ለአስማማው ደወለ። የኔታ ወልደ ሩፋኤል አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ነው። ለባልየው የደወለው እንደ ወጉ ነው። መርዶ ለሴት ልጅ በስልክ አይነገርም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደጋፊ ከጎኗ ቆሞ ነው።

አስማማው ለማንም አልተናገረም። በማግስቱ ጭነት ነበረው፣ የነገው ቀን ደግሞ መብራት የማይኖርበት ፈረቃ ነው። የብርጓል ደብረ ወርቅ ከሄደች ዓሦቹን ማን ይጠብቃል? ጎሕ ሲቀድ የተነሣው መርዶ ሊነግር ሳይሆን መኪናውን ሊያሞቅ ነው።

«ከዚህ እንዳትነቃነቂ። በጆግ እየቀዳሽ ከላይ አፍስሺበት፤ አየር ካጡ ያልቃሉ። ጋቢውንም አልብሺው፣ ይበርደዋል» ብሏት ሄደ።

የብርጓል ቀኑን ሙሉ ቀዳች፣ አፈሰሰች። ክንዷ ዛለ፣ ወገቧ ተቆረጠ። ገንዳውን የራሷን ጋቢ አለበሰችው። ጠዋት በሚኒባስ ተነሥቶ ለቀትር በሚደረስበት አገር አባቷ አፈር ሲለብሱ እሷ ለሙሽራዬ ውኃ ታፈስ ነበር።

አስማማው ከጅቡቲ ሲመለስ መርዶውን በወጉ አደረገው። ሽማግሌ ሰበሰበ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ጎረቤቶች አስነሣ፣ የንስሐ አባታቸውን አባ ኪዳነ ማርያምን አስመጣ። የብርጓል ደረቷን ስትመታ ቆይታ አባቷ መቼ እንዳረፉ ጠየቀች። ሲነገራት ልቅሶዋ ቀጥ አለ። ባሏን አየችው።

«ሰው ሳይኖርሽ ብቻሽን ሰምተሽ እንዳትጎጂ ብዬ ነው» አለ አስማማው። «መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደግ አደረግህ አሉት።

ደብረ ወርቅ ስትደርስ ወንድሟ ዲያቆን ድረስ ከበር አልተቀበላትም። «ለሠርግ ይቀራል፣ ለክርስትና ይቀራል። ለአባት ቀብር የሚቀር ሰው አይቼ አላውቅም። ልጅ ነሽ ወይስ እንግዳ?» አላት። ባሏ ደብቋት መሆኑን ብትነግረው ነውሩን ዘመድ ሁሉ ያወራዋል። ስለዚህ ዝም አለች። ወንድሟም ከዚያ ወዲህ ዝም አላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አስማማው በሳምንቱ ረሳው።

ሲወድቅ እንግዲህ እግዜር የሰጣት እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከሆስፒታል ሲመለስ አልጋው በገንዳው ፊት ለፊት እንዲዘረጋለት ጠየቀና ተዘረጋለት። ቀኝ እጁ አይሠራም፣ ቀኝ እግሩ አይሠራም፣ ዓይኑ ግን ሙሉ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሙሽራዬን ይከተላል። ስትመጣ ግማሽ ፊቱ ይስቃል፤ አሸዋ ውስጥ ስትገባ እሱም ይተኛል። ሐኪሙ «የሚያስደስተው ነገር ካለ እሱ ነው መድኃኒቱ» ብሏል።

የብርጓል የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ልማዷ ፋቀች። አንድ ጠዋት ግን ምላጩን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ምን እንደተሰማት ለማንም አልተናገረችም፤ እኔ የምገምተው ክንዷ እንደዛለባት ነው። ሄዳ መጋረጃውን ከፈተች። በዚያ ቤት ፀሐይ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር።

«ዝጊው» አለ አስማማው በዚያ በታሰረ አንደበቱ።

«ሐኪሙ ፀሐይ ያግኝ ብሏል።»

እውነቷን ነው፣ ብሏል። ጎረቤትም አይቶ አመሰገናት። ቤቱን እንዴት ብርሃን አደረገችለት ተባለ።

መስታወቱን ጨርሳ አልተወችውም። ሦስቱን ጎን እንደ ወትሮዋ በየማለዳው ትፍቃለች፣ ያብረቀርቃል። ከጎን ለሚያየው ጠያቂ ገንዳው ያው ገንዳ ነው። ያልተፋቀው ወደ አልጋው የዞረው ጎን ብቻ ነበር። በዝናብ ውኃ ፈንታ የቧንቧ ውኃ መጨመር ጀመረች። የዓሣውን ምግብ በቁንጥር ሳይሆን በጭብጥ ሰጠች። አረንጓዴው መጀመሪያ ትንፋሽ ያረፈበት መስታወት መሰለ፤ ቀጥሎ ወፈረ፤ ቀጥሎ ጎመን ሆነ። ሙሽራዬ ለአስማማው መጀመሪያ ደበዘዘች፣ ኋላ ጥላ ሆነች፣ ከዚያም የት እንዳለች ጠፋችው።

አንዲት ቀንድ አውጣ ነበረች፣ በየሌሊቱ መስታወቱን እየላሰች ጠባብ መንገድ የምታወጣ። ጠዋት ጠዋት አስማማው አንገቱን ትራሱ ላይ እያንፏቀቀ በዚያች መንገድ ያያል። ቢጫ ነገር ውልብ ስትል ግማሽ ፊቱ ይበራል። የብርጓል ወዴት እንደሚያይ አየች። እጇን ከተተች፣ ቀንድ አውጣዋን አላቀቀች፣ በስተጀርባ ካለው መስታወት ላይ ለጠፈቻት።

«ፋቂልኝ» አላት።

«ምን አልክ?»

«ፋቂልኝ።»

«አልሰማሁህም» አለች፣ አልጋውን እያነጠፈችለት።

ክፉ ናት የሚል ይበል። እኔም እላለሁ። ግን ገላውን ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ጀርባው እንዳይቆስል ታገላብጠዋለች፤ በዚህ ሁሉ አንድ ቀን አልጎደለባትም። እጇን አላነሣችበትም። ያደረገችው ነገር ቢኖር አንድ መስታወት አለመፋቅ ነው። በዚህ የሚከሰስ ሰው የለም፤ ከሳሹም ቢኖር የሚናገረው በእሷ አፍ ነው።

አስማማው ሞኝ አልነበረም፤ ገባው። አንድ ጠዋት ስታጎርሰው ማንኪያውን በጥርሱ ያዘና ለቀቀ።

«አባትሽን…» አለ።

የብርጓል ማንኪያውን ይዛ ቀረች። «አባቴ ምን?»

«ይቅር በይኝ።»

ቃሉ ከዚያ አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ወሰደ። እንባው በሚሠራውም በማይሠራውም ጉንጩ ወረደ። የብርጓል በጥንቃቄ አበሰችለት። 

«ይኼ በወጉ ነው የሚባለው» አለችው። «ሽማግሌ ሰብስብና በሰው ፊት ጠይቀኝ።»

ሽማግሌ የሚሰበሰበው በማን አፍ ነው? ያንንም ሁለቱም ያውቁታል።

በሳምንቱ አባ ኪዳነ ማርያም ሊጠይቁት መጡ። አስማማው እንዳያቸው ያለውን ኃይል ሁሉ አሰባሰበ። አንገቱ ሥር እስኪገታተር ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። «በድያታለሁ፣ አባ። ይቅር ትበለኝ። አባቷን ደበቅኋት። መስታወቱን ትፋቅልኝ።» አባ ዝቅ ብለው አዳመጡ፤ የሰሙት ግን ውኃ የገባበት ከበሮ ነበር።

«ምን ይላል ልጄ?» አሉ ወደ የብርጓል ዞረው።

«ለነፍሴ ጸልዩልኝ ይልዎታል፣ አባ።»

አባ አለቀሱ። ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ የብርጓልም አብራቸው ቆማ ደገመች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ግን አንድም ጊዜ አላሳላትም። አባ ሲወጡ መስቀል አሳልመዋት «እንዳንቺ ያለች ሚስት በዚህ ዘመን ከየት ትገኛለች» አሏት። አስማማው ከዚያ ቀን በኋላ ለጠያቂ መናገር ተወ። ዓይኑን አረንጓዴው ላይ ተክሎ ይውላል።

ከምርት በኋላ እህቱ ወለተ ሐዋርያት ከአምበር መጣች። ገበሬ ናት፤ እህሏን አስገብታ፣ ከብቶቿን ለልጆቿ አደራ ብላ፣ ቅቤና ማር በስልቻ ተሸክማ በሚኒባስ ተጭና ነው የመጣችው። ወንድሟን ስታየው እግሩ ላይ ተደፋች። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ የሚያይበትን አየች።

«ወንድም ዓለም፣ ይኼን ነው እንዴ የምታየው? ይኼን ሻጋታ?»

አስማማው ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ድምፅ አሰማ። ወለተ ሐዋርያት ትርጉም አልጠየቀችም። በሕመሙ ስንት ጠያቂ በዚያ ቤት አልፏል፤ ዓይኑን አይቶ የልቡን ያወቀለት እሷ ብቻ ናት።

«ይታጠብልኝ ነው የምትለው። በሞትኩት፣ ይኼን ሰው አጥቶ! እኔ እህትህ ነገ አጥብልሃለሁ።»

አስማማው ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም፤ ያ ግማሽ ፊቱ ከጆሮው ተገናኘ። ያን ቀን የቀረበለትን ምግብ ጨርሶ በላ። የብርጓል ይኼን ሁሉ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየች። መስታወቱ ሊጠራ ነው። ያ ሁሉ ወር በአንዲት ገበሬ ክንድ በአንድ ጠዋት ሊፋቅ ነው። ተናደደች፣ በሽተኛ እንዳይነቃ እንደሚፈራ አስታማሚ ድምፅ የሌለው ንዴት፤ ግን ምን ብላ ትከልክላት?

በማግስቱ ጠዋት ወለተ ሐዋርያት እጅጌዋን ጠቅልላ ተነሣች። ከስልቻዋ አንድ ቋጠሮ አወጣችና ሙቀጫ ለመነች። ቋጠሮው ሲፈታ የደረቀ እንዶድ ነበር።

«የሱቅ ሳሙና ኬሚካል ነው፣ እታለም» አለች እየወቀጠች። «ነፍስ ያለው ነገር አይችለውም። እንዶድ ግን እግዜር ያበቀለው ነው። የእናታችንን ነጠላ ጥምቀት በደረሰ ቁጥር እንደ በረዶ የሚያነጣው ይኼ አይደል? ይኼን አረንጓዴ እንዴት አድርጎ እንደሚያወልቀው አሁን ታያለሽ።»

የብርጓል ደብረ ወርቅ ነው ያደገችው። ከከተማው በታች፣ ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ አለ። እንዶድ በተወቀጠበት ቀን ከአጣቢዎቹ በታች ያሉት ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ይንሳፈፋሉ፤ እነ የብርጓል ልጅ ሆነው በእጃቸው ይለቅሟቸው ነበር። በወለተ ሐዋርያት አገር ያለው ምንጭ ዓሣ የለውም። ይኼን ከየት ታውቀው?

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የብርጓል አፏን ከፈተች። ከዚያ ባልዲውን አንሥታ ሰጠቻት።

ወለተ ሐዋርያት የወቀጠችውን ዘፍዝፋ በእጇ ስትመታው አረፋው ነጭ ሆኖ ከባልዲው ገነፈለ። ይዛው ወደ ሳሎን ገባች። አስማማው ሲስቅ ነበር። አረፋውን አየ፣ የእንዶዱ ሽታ ደረሰው። እሱም የጎጃም ልጅ ነው፤ በሹፌርነቱም ያላቆመበት ወንዝ የለም። ሳቁ ጠፋ።

«ተይ! ተይ! ይሞታሉ! እንዶድ ነው፣ ይሞታሉ!» ብሎ ጮኸ። ደኅነኛው እጁ ብርድ ልብሱን ጨመደደው፣ አልጋው ተንቀጠቀጠ።

ወለተ ሐዋርያት የተነከረ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ዓይኑን አየች፣ ዓይኑ ግን በዚያች ሰዓት የሚነበብ አልነበረም። ወደ የብርጓል ዞረች።

«ምን እያለ ነው፣ እታለም?»

በሩ ላይ የቆመችው የብርጓል ባሏን ቀጥ ብላ አየችው። እሱም እሷን አየ። በዚያ በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ የተያዩበት ቀን የነበረ አይመስለኝም። በዓይኑ ለመናት።

«ቶሎ በይ ነው የሚልሽ» አለች።

ወለተ ሐዋርያት እስከ ብብቷ ድረስ ገባችበት። ድንጋዩን ፈተገች፣ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች አሸች፣ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ እየነከረች እየመለሰች ዘፈነች፤ ለወንድሟ እየሠራች ስለሆነ ደስ ብሏታል። አረንጓዴው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እየተላጠ ወረደ። መስታወቱ ጠራ። አስማማው ስንት ወር ያላየውን ባሕር ከዳር እስከ ዳር አየ፤ ድንጋዩን አየ፣ አበባውን አየ፣ ሙሽራዬን ከነቢጫዋ አየ። እሷም ወደ መስታወቱ መጣች፣ በፊቱ ፊት ለፊት፣ አፏን እየከፈተች እየዘጋች።

ቀንድ አውጣዎቹ ቀድመው ወደቁ፣ አንድ በአንድ፣ ክሩ እንደተበጠሰ ጨሌ። የድንጋዩ አበባ ተሸበሸበ። ሙሽራዬ አሸዋው ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች፣ እንደገና ወጣች። በጎኗ መዋኘት ጀመረች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ አረፋው ሥር ትተነፍስ ጀመር።

«አውጧት! ውኃ ቀይሩላት! ስለ እግዚአብሔር!» አስማማው ድምፁ ሊሰነጠቅ ደረሰ።

«ምን አለ?» አለች ወለተ ሐዋርያት፣ በላብ የራሰ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች።

«እጅሽ ይባረክ ነው የሚልሽ።»

ወለተ ሐዋርያት ሮጣ ሄዳ ወንድሟን ግንባሩን ሳመችው፣ እጁን ሳመችው። «ይኼ ምን ሥራ ሆኖ ነው የምታለቅስልኝ፣ የኔ ጌታ!» አለችው። እሱ ራሱን ወዲያና ወዲህ ይወዘውዛል፤ እሷ ደግሞ እንዳያይ የጋረደችው መስሏት ከፊቱ ዘወር አለችለት። በደንብ እንዲያይ።

ሁሉም ነገር እስኪቆም ድረስ አየ።

ወለተ ሐዋርያት ዓሦቹ ውኃው አናት ላይ በጎናቸው መተኛታቸውን ያስተዋለችው ባልዲዋን ስታነሣ ነው። በጣቷ ነካች፣ አልተንቀሳቀሱም። መጀመሪያ የብርጓልን፣ ቀጥሎ ባልዲውን፣ ቀጥሎ ወንድሟን አየች። ጩኸቷ ጎረቤት አስወጣ። «በእጄ! በገዛ እጄ ገደልኩበት!» እያለች ፊቷን ቧጠጠች። የብርጓል ይዛ አስቀመጠቻት፣ ጸጉሯን ሰበሰበችላት። «አላወቅሽም፤ ምን ታደርጊ» አለቻት። ወለተ ሐዋርያት በማግስቱ ወንድሟን ዓይኑን ማየት አፍራ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ወጥታ፣ ወደ አምበር ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም። እሷ ምን በደለች? ምንም አልበደለችም። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ሳስበው የሚያንገበግበኝ የእሷ ነገር ነው።

የብርጓል ገንዳውን ባዶ አደረገችው። አሸዋውን ጣለች፣ ዓሦቹን ጓሮ ቀበረች፣ መስታወቱን አጥባ አደረቀችው። ሥራ ስትጨርስ ልቧ ቀለል ይል መስሏት ነበር። እጇን ታጥባ ሳሎን ስትገባ ግን አስማማው እሷን ያያል። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ዓይኑ ተከተላት። ወንበር ስባ ከራስጌው በኩል ብትቀመጥ አንገቱን እያንፏቀቀ ዞረ።

«አልጋህን ወደ መስኮቱ ላዙርልህ? መንገደኛ ታያለህ» አለችው።

 ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቃል አልወጣውም። ጠያቂ መጥቶ «ዛሬስ ምን ይላል?» ሲላት የምትተረጉመው ነገር ስላጣች ከራሷ ትፈጥራለች፤ ስትፈጥርም ያያታል። ስታጎርሰው ያያታል፣ ገላውን ስታጥበው ያያታል፣ ስትጸልይ ያያታል። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር፣ ልመናም ቢሆን ለምዳዋለች። ይኼ ግን ሁለቱም አይደለም፤ ከዓሣው ሌላ ሳያይ የኖረ ሰው አሁን ገና ሚስቱን ማየት ጀምሮ፣ አይቶ አልጠግብ ያለ ነው የሚመስለው። እህል ጓዳ ገብታ፣ ቆማ መብላት ጀመረች። አንድ ቀን መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው፤ በጨለማውም ውስጥ ዓይኑ ይታያታል።

«ምን ታያለህ?» ብላ ጮኸችበት አንድ ጠዋት። «በለኛ! ንገረኝ! እኔ እሰማሃለሁ!»

አያት።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ መጥቶ ደረቱን አዳመጠ፣ ግፊቱን ለካ፣ መሣሪያውን ወደ ቦርሳው ከተተ። «አይዞሽ እናቴ» አላት፣ «ጥሩ አድርገሽ ነው የያዝሽው። ልቡ ብረት ነው፤ እንዲህ ሆኖ ገና ብዙ ዓመት አብሮሽ ይኖራል።»